ድንብላል በበሶብላ ምክር አያድግም፦ በመብራት ስለማሳደግ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ድንብላልን ከዘር ጀምሮ ቤት ውስጥ በመብራት ብቻ ስለማሳደግ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው አይተናል። ምክሩ ሲጨመቅ ይህ ነው። ለቅመም የተገዛውን ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ከክታችሁ ዝሩ፤ በትንንሽ የችግኝ ትሪ አብቅላችሁ ወደ ትልቅ ዕቃ አዛውሩ፤ ከዕቃው ሥር ጠጠር ደርድሩ፤ አፈሩን እስከ 28 ዲግሪ አሙቁ፤ የቤት አምፖል፣ ከተቻለም ሐምራዊ መብራት፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅላችሁ በቀን 18 ሰዓት አብሩ፤ በየቀኑ አጠጡ፣ ቅጠሉም ላይ ውሃ ንፉ፤ በየሳምንቱ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ስጡ፤ አበባ ሲመጣ ጫፉን ቀንጥሱ፣ ተክሉ ዓመት ይቆያል።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፤ ትክክል የሆኑ ነገሮችም አሉት። ድንብላል ፀሐይ ሳያይ ከዘር እስከ ቅጠል ማደግ እንደሚችል የተናገረው እውነት ነው። ዘሩ እስኪበቅል ዕቃውን በላስቲክ መሸፈንም ጥሩ ነው። ችግሩ የቀረው ምክር ከሞላ ጎደል የበሶብላ ምክር መሆኑ ላይ ነው። በሶብላ ሙቀት ይወዳል፣ ተነቅሎ ቢተከል አይከፋውም፣ ጫፉ በተቀነጠሰ ቁጥር ይንሰራፋል። ድንብላል ግን የካሮት ዘመድ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፣ አንድ ረጅም ዋና ሥር ወደ ታች ይሰዳል፣ ዕድሜው አጭር ነው፣ ሌሊቱ ሲያጥርና ሙቀቱ ሲጨምር ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሳ ነው።

ስለ ፍሬውና ስለ ሙቀጫው

ለቅመም የተዘጋጀ ፍሬ ሊበቅል ይችላል፤ ማንኛውም ይበቅላል ማለት ግን ስህተት ነው። መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ አይታወቅም። አንዳንዱ ደግሞ ጀርምና ተባይ እንዲጠፋለት በሙቀት ወይም በጨረር ታክሞ የወጣ ነው፤ በዚህ ያለፈ ፍሬ ጥሩ ሽታ ቢኖረውም የመብቀል ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ቢበቅልም እንኳ ሌላ ጣጣ አለው። ለፍሬ የተመረጠ ዝርያ የሚፈለገው ቶሎ አብቦ ቶሎ እንዲያፈራ ነው፤ ቅጠል ፈላጊ የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን። ለቅጠል የተመረጡና አበባቸው የሚዘገይ ዝርያዎች አሉ፤ ካሊፕሶ፣ ሳንቶ፣ ሌዠርና ክሩዘር በዘር ፓኬት ላይ በብዛት የሚታዩ ስሞች ናቸው። እነዚህን ካገኛችሁ ሌላውን ተዉት።

ካላገኛችሁ የቅመሙን ፍሬ ከመዝራታችሁ በፊት ፈትኑት። 20 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቦታ አስቀምጡ። በ10ኛውና በ14ኛው ቀን ከፍታችሁ ቁጠሩ። ከ20ው 12 እንኳ ካልበቀለ ያ ዘር መደርደሪያና መብራት ሊያዝለት አይገባም።

ሙቀጫውን በተመለከተ፣ ፍሬውን በቅርበት ማየት ይጠቅማል። ድንብላል ብለን የምንዘራው ክብ ነገር አንድ ዘር አይደለም፤ ሁለት ዘር ፊት ለፊት ተጋጥመው የተቀመጡበት ፍሬ ነው። በላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የወረዱ መስመሮች አሉት። በጣት ሲጫኑት በመጋጠሚያው በኩል ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ በውጭ በኩል ጉብ ያለ፣ በውስጥ በኩል ጎድጎድ ያለ ነው። ፅንሱ እጅግ ትንሽ ሆኖ በአንደኛው ጫፍ በኩል ተቀምጧል። ሙቀጫ ይህን ጫፍ ይሰብራል። የተሰበረው ደግሞ አፈር ውስጥ ሳይበቅል ይሻግታል፣ ሻጋታውም ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ፍሬውን ጠረጴዛ ላይ በትኖ በመዳፍ ወይም በትንሽ ጣውላ ጠቅ እስኪል ብቻ መጫን ይበቃል። ያልተከፈለውም ይበቅላል፤ መክፈሉ የሚጠቅመው ቡቃያው ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንዳይጨናነቅና ውሃ ቶሎ እንዲገባ ነው። ከዚያ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፉና አጥልሉት። ከአንድ ቀን በላይ ውሃ ውስጥ የቆየ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

28 ዲግሪ ስለተባለው

ይህ ቁጥር ለበሶብላ ወይም ለበርበሬ ቢባል አንከራከርም። ድንብላል በደንብ የሚበቅለው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ አፈር ውስጥ ነው፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፣ ቀዝቀዝ ካለም እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ የሚበቅለው ቁጥር ይቀንሳል፣ ሻጋታው ግን ይፋጠናል። ማሞቂያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አልበቅል ያለ ድንብላል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሰው ደግሞ ሳይሞቅ ቀርቶ ነው ብሎ ሙቀቱን ይጨምርበታል። ምንጣፉን ንቀሉት።

ከበቀለ በኋላም መብራቱ በርቶ ሳለ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ፣ ጠፍቶ ሳለ ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ቢሆን ቅጠሉ ወፍራምና ሽታው ጠንካራ ይሆናል። የክፍሉን ሙቀት ማወቅ ብቻ አይበቃም። በመብራት ሥር ያለች ጠባብ መደርደሪያ ከክፍሉ ትሞቃለች፣ በተለይ ጎኖቿ ከተሸፈኑ። ቴርሞሜትሩን በቅጠሉ ከፍታ አስቀምጣችሁ በላዩ ላይ ትንሽ ካርቶን አጥሉበት፤ ያለ ጥላ ከተቀመጠ አየሩን ሳይሆን በመብራት የሞቀውን የራሱን አካል ይለካል። ንባቡ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ የመብራቱን ትራንስፎርመር ከመደርደሪያው ውጭ ማውጣት ወይም አነስተኛ ማራገቢያ ማስገባት ያስፈልጋል። መብራቱን በሌሊት አብርቶ በቀን ማጥፋትም ይረዳል፤ ተክሉ የሚቆጥረው ብርሃንና ጨለማን እንጂ የኛን ሰዓት አይደለም። ይህ የሚሠራው ግን በቀን መብራቱ ሲጠፋ መደርደሪያው ከመስኮት ብርሃን ከተከለለ ብቻ ነው።

ስለ ትሪውና ስለ ማዛወሩ

የድንብላል ዋና ሥር ቡቃያው ሁለተኛ ቅጠል ሳያወጣ ከቅጠሉ ቁመት በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ትንሽ የትሪ ጉድጓድ ውስጥ ግርጌውን ነክቶ ይታጠፋል፤ ሲነቀል ጫፉ ይበጠሳል። የተበጠሰ ሥር የግድ ተክሉን አይገድለውም። ተክሉ ግን ችግር እንደመጣ ቆጥሮ ቶሎ ወደ አበባ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው በሁለተኛው ቀን ሳይሆን በአራተኛው ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ከማዛወሩ ጋር አያይዞ የሚያስታውሰው ሰው የለም።

መፍትሔው እዚያው በሚያድግበት ዕቃ ውስጥ መዝራት ነው። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ 15 ሴንቲ ሜትር አንድ ጊዜ ታጭዶ ለሚያበቃ ብቻ ይበቃል። ለአፈር ሁለት እጅ ኮኮፒት (የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ) ወይም ጥሩ የችግኝ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ፐርላይት (አፈር የሚያናፍስ ቀላል ነጭ ጠጠር) ወይም ሸካራ አሸዋ ቀላቅሉ። ፒኤቹ (የአሲዳማነት ልኩ) ከ6.2 እስከ 6.8 ቢሆን መልካም ነው። ከጓሮ የመጣ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ በየጊዜው ሲጠጣ ይጠቀጠቅና ሥሩን አየር ይነሳዋል።

አፉ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ዕቃ ውስጥ 15 ያህል ሙሉ ፍሬ (ከተከፈለ 30 ግማሽ) በትኑ። 1 ሴንቲ ሜትር አፈር አልብሱት፣ በእጅ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ላዩ ላይ የቀረ ዘር ግማሽ ጎኑ ደርቆ ይቀራል፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የገባ ደግሞ ጉልበቱን ጨርሶ ይወጣል። ሲበቅል መጀመሪያ የሚታዩት ጠባብና ረጃጅም ሁለት ቅጠሎች ናቸው፤ ሣር በቀለ ብሎ የሚነቅላቸው ሰው አለ። ጥርስ ያለው ክብ መሰል የድንብላል ቅጠል የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ያ ቅጠል ሲታይ በመካከላቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር አሳሱ። ስታሳሱ በመቀስ ከአፈሩ ደረጃ ቁረጡ፤ መንቀል የሚቀረውን ሥር ይነካል።

የግድ በትሪ መጀመር ያለበት ሰው ካለ፣ በወረቀት በተሠራ ጥልቅ ኩባያ ይዝራና የመጀመሪያው ጥርሳም ቅጠል ሲታይ ከነወረቀቱ ይትከል። ከዚያ በላይ መዘግየት የለበትም።

ጠጠሩን በሚመለከት ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር የሚወርደው በላዩ ያለው አፈር ጠግቦ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል፣ ጥልቀቱንም ይቀንሳል። ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይወርድ ትንሽ ወንፊት ጨርቅ ይበቃል።

ስለ መብራቱ

ጽሑፉ በብዙ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚሁ ስለሆነ በስሌት እንሂድ።

አንድ 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ገደማ ብርሃን ይሰጣል። 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነች መደርደሪያ 0.18 ካሬ ሜትር ናት። ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን ምንም ሳይባክን በሙሉ እሷ ላይ ቢያርፍ እንኳ 4,400 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን) ገደማ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ደግሞ አብዛኛው ወደ ግድግዳና ወደ ወለል ይበተናል። ድንብላል ደህና ቅጠል የሚሰጠው ግን በቅጠሉ ከፍታ ላይ ከ15,000 እስከ 20,000 ሉክስ ነጭ ብርሃን ሲያገኝ ነው። በአትክልት መብራት መለኪያ ይህ በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ210 እስከ 290 ማይክሮሞል ያህል ይሆናል፤ ለነጭ ኤልኢዲ ሉክሱን ለ70 ማካፈል ለዚህ ሥራ የሚበቃ ግምት ይሰጣል። የስልክ ሉክስ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም በ4,000 እና በ15,000 መካከል ያለውን ልዩነት አይስተውም። ዓይናችን ግን ይሳሳታል፤ ክፍሉ ቦግ ያለ ሲመስለን 500 ሉክስ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ከፍታው ራሱ ሌላ ነገር ነው። እንደ አምፖል ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ከ20 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ማለት ይህ ነው። ረጃጅም ቱቦዎችና ሰፊ ፓነሎች በዚህን ያህል ፍጥነት አይደክሙም፤ ቢሆንም ከ60 ሴንቲ ሜትር ማንኛቸውም ለዚህ ሥራ ሩቅ ናቸው።

እንዲህ አድርጉት። ለዚያችው 30 በ60 መደርደሪያ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ አራት ባለ 60 ሴንቲ ሜትር የኤልኢዲ ቱቦዎች ጎን ለጎን እሰሩ። አንዱ 1,000 ሉመን ቢሰጥ አራቱ 4,000 ይሰጣሉ፤ ከዚህ ሰባ ከመቶው ቅጠሉ ላይ ቢደርስ 15,500 ሉክስ ገደማ ይሆናል። ሰባ ከመቶ የሚደርሰው ቱቦዎቹ ከቅጠሉ ጫፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲርቁና የመደርደሪያው ጎኖች በነጭ ካርቶን ወይም በነጭ ላስቲክ ሲከለሉ ነው። ለአትክልት ተብሎ የተሠራ ፓነል ካላችሁ 35 ዋት ያህል እውነተኛ ፍጆታ ይበቃል፤ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀል። እውነተኛ ፍጆታ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ከድሮ አምፖል ጋር የተነጻጸረበት ቁጥር ነው፤ ሒሳቡ መሠራት ያለበት በትንሹ በተጻፈው ላይ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ከ4,000 እስከ 6,500 ኬልቪን ያለ ተራ ነጭ ብርሃን ለቅጠል ሙሉ በሙሉ ይበቃል። ሐምራዊ መብራት ተክል አያሳድግም አንልም፤ ያሳድጋል። ነገር ግን በሐምራዊ ብርሃን ሥር ቢጫ የጀመረ ቅጠልና ጤነኛ ቅጠል አይለዩም፤ የክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) መንጋም ቅጠሉ ሥር ተደብቆ ይሰነብታል። በነጭ ብርሃን ውስጥ ያለው አረንጓዴም ከንቱ አይደለም፤ ከላይኛው ቅጠል አልፎ ወደ ታችኛው የሚደርሰው በብዛት እሱ ነው፣ ድንብላል ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው።

መብራቱ የሚበራው የመጀመሪያው ቡቃያ አፈሩን ሲሰነጥቅ፣ በዚያው ዕለት ነው። ሁሉም እስኪበቅል እየተባለ ሦስት ቀን ከተጠበቀ ቀድመው የወጡት ነጣ ያለ ቀጭን ግንድ 6 እና 7 ሴንቲ ሜትር መዝዘው ወደ ጎን ይተኛሉ። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ማድረግ የሚቻለው መብራቱን ማውረድና የተነፋ ደረቅ አፈር ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሶ ማስደገፍ ብቻ ነው፤ ይህም ለትንሽ መዘዝ እንጂ ለብዙው አይሆንም። ብርሃኑ ሲበዛ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ የላይኛው ቅጠል ጠርዝ ይነጣል ወይም ግንዱና ቅጠሉ ወደ ቀይ ሐምራዊ ይሄዳል። መብራቱን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሳምንት ጠብቁ። መቅላቱ ግን በብርድም ሊመጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ።

18 ሰዓት ለምን አይሆንም

ለጽሑፉ ፍትሐዊ እንሁን፤ ደካማ መብራትን ረጅም ሰዓት በማብራት ማካካስ በሒሳብ ይቻላል። 170 ማይክሮሞል ለ18 ሰዓት ሲበራ በቀን 11 ሞል (11 ሚሊዮን ማይክሮሞል) በካሬ ሜትር ይሆናል፤ 250 ማይክሮሞል ለ12 ሰዓት ሲበራም 10.8 ሞል ይሆናል። ለሰላጣ ቢሆን ሁለቱ ያን ያህል አይለያዩም ባልን ነበር። ለድንብላል ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ በአንደኛው ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ በሁለተኛው 12።

ድንብላል ቀኑ ሲረዝም ማበቡን የሚያፋጥን ተክል ነው። በአጭር ቀንም ውሎ አድሮ ያብባል፤ ረጅም ቀን ግን ያጣድፈዋል፣ ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይብስበታል። 18 ሰዓት መብራትና 28 ዲግሪ በአንድ ላይ ያዘዘ ሰው ሳያውቀው አበባ ነው ያዘዘው። ስለዚህ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይብራ፤ 14 ሰዓት መሄድ ያለበት መብራቱ ከ12,000 ሉክስ በላይ መስጠት ካልቻለ ብቻ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን በታይመር አድርጉት። በእጅ የሚበራና የሚጠፋ መብራት አንድ ቀን 10፣ አንድ ቀን 16 ሰዓት ይሆናል። ክፍሉ ማታ ሰው የሚቀመጥበት ከሆነ መደርደሪያውን በጨርቅ ጋርዱት፤ በሌሊቱ መካከል የሚገባ ብርሃን ሌሊቱን ያሳጥርበታል።

ስለ ውሃና ስለ ማዳበሪያ

በየቀኑ ማጠጣት የሚለው ምክር ለሁለት ጊዜያት አንድ መልስ ይሰጣል። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ የላይኛው አፈር አንዴም መድረቅ የለበትም፤ እዚህ ላይ በየቀኑ ማየትና በመርጫ ማርጠብ ትክክል ነው። ከበቀለ በኋላ ግን ያው ልማድ ገዳይ ይሆናል። ላዩ ሁልጊዜ የረጠበ አፈር ላይ ያለ ቡቃያ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ የቋጠረ ይመስልና ይቀጥናል፣ በማግስቱ ታጥፎ ይወድቃል። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ አፈር ወለድ ተሐዋስያን የሚያመጡት ነው። የወደቀው አይድንም፤ የቀረውን ማዳን የሚቻለው ላስቲኩን አንስቶ፣ ላዩን አድርቆ፣ አየር በማንቀሳቀስ ነው። ላስቲኩ ግማሹ ቡቃያ ሲታይ መነሳት ያለበትም ለዚህ ነው።

ጣታችሁን 2 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ እዚያ ድረስ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ክብደቱን መለማመድ ከጣትም ይሻላል። ስታጠጡ ዕቃውን 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጣችሁ አውጡት፣ የተረፈውን ድፉ። ሥሩ ውሃውን ወደ ታች ይከተለዋል፣ ላዩም ደረቅ ስለሚሆን የአፈር ትንኝ እንቁላል የምትጥልበት ታጣለች። በወር አንድ ጊዜ ከላይ በብዛት አጠጥታችሁ የተከማቸውን ጨው በቀዳዳው አውርዱት።

ቅጠል ላይ ውሃ መንፋት ይቅር። ድንብላልን የሚያጠቃ ከዘር ጋር የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ በቅጠሉ ላይ በቅጠሉ ጅማቶች የታጠሩ፣ መጀመሪያ ውሃ ያዘሉ ኋላ ቡናማ የሚሆኑ ማዕዘናም ነጠብጣቦች ያወጣል። ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚሸጋገረው በውሃ ፍንጣሪ ነው። ቅጠሉ እርጥበት የሚያገኘው ከሥሩ ነው፤ መነፋቱ የሚጨምርለት ነገር የለም።

በማዳበሪያው ላይ ብዙ አንልም። ከላይ የጠቀስነው አፈር ቡቃያው ከወጣ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳይጨመርበት ይዘልቃል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሚዛናዊ የሆነ ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ በዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥኖ መስጠት ይበቃል። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይለሰልሳል፣ ሽታው ግን ይደክማል፤ ክሽክሽም እንዲህ ያለውን ለስላሳ ቅጠል ይመርጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ወደ ማዳበሪያ ከመሮጥ በፊት ክብደቱን እዩ፤ አፈሩ ከባድና እርጥብ ከሆነ ችግሩ የታፈነ ሥር ነው። መጀመሪያ የወጡት ሁለት ጠባብ ቅጠሎች ብቻ ከሆኑ የጠወለጉት ጊዜያቸው ስለደረሰ ነው።

አበባውን መቀንጠስና ዓመት ማቆየት

እዚህ ላይ ጽሑፉ የበሶብላን አካል ለድንብላል ሰጥቶታል። በሶብላ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ እንቡጥ አለው፤ ጫፉ ሲቀነጠስ ጎኖቹ ይነቃሉ። ድንብላል በቅጠል ዘመኑ ግንድ የለውም ማለት ይቻላል። ቅጠሎቹ ሁሉ በየራሳቸው ዘንግ ከአፈሩ ጥግ፣ ከአንድ እምብርት ይወጣሉ። አዲሱ ቅጠል የሚመጣው ከእምብርቱ መካከል ነው። እዚያ ያለው የማደጊያ ጫፍ አንዴ ወደ አበባ ከዞረ የሚያወጣው ግንድና አበባ ነው፤ ቢቆረጥም ከጎን የሚነቁት እንቡጦች ያንኑ ይቀጥላሉ። ምልክቱን ቀድሞ ማየት ይቻላል። ከመካከል የሚወጣው አዲስ ቅጠል ሰፊ ጥርስ መሆኑን ትቶ እንደ ክር ይሰነጣጠቃል፣ ዘንጉም ቀጥ ብሎ ይወፍራል። ይህን ስታዩ መቀንጠስ የሚገዛላችሁ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የቀረውን ሰፊ ቅጠል በሙሉ ዕጨዱትና ዕቃውን ለአዲስ ዘር አስለቅቁት።

አጨዳው ራሱ የሚወሰነው በዚያ እምብርት ነው። ከተዘራ ከ5 እስከ 6 ሳምንት፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ የውጩን ዘንጎች ከእምብርቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የመካከሉን ተዉት። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አትውሰዱ። ሁሉንም ከአፈሩ ጋር ያጨደ ሰው እምብርቱን አብሮ ስለሚወስድ ከዚያ ዕቃ ብዙም አይጠብቅ። በዚህ አያያዝ አንድ ዕቃ በየአስር ቀን ገደማ ሁለት ወይም ሦስት አጨዳ ይሰጣል፣ ከዚያ ያበቃለታል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚገኘው አንዱን ተክል በማስረጀት ሳይሆን በየሦስት ሳምንቱ በመዝራት ነው።

30 በ60 መደርደሪያ ላይ አፋቸው 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ዕቃዎች በአንድ ረድፍ ይገጥማሉ፤ አንዱ ቡቃያ፣ አንዱ እያደገ፣ አንዱ እየታጨደ። ቁመታቸው ስለሚለያይ መብራቱን ለረጅሙ ካስተካከላችሁ ቡቃያው ይርቀዋል። መብራቱን ሳትነኩ የቡቃያውን ዕቃ በእንጨት ቁራጭ ወይም በተደራረበ ጣውላ ከፍ አድርጉት፣ እያደገ ሲሄድ አንድ አንድ ጣውላ አንሱ። ከጫፍና ከጫፍ ያሉት ዕቃዎች ከመካከለኛው ያነሰ ብርሃን ስለሚያገኙ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ዙር አዙሯቸው፤ ብዙ ብርሃን የሚፈልገውን፣ በማደግ ላይ ያለውን፣ መካከል አድርጉት።

ያበቃለትን ዕቃ ስታስለቅቁ ዋናውን ሥር ከአፈሩ አውጥታችሁ የአፈሩን ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጣሉ፣ በምትኩ አዲስ ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ቡቃያ የወደቀበት ወይም የአፈር ትንኝ የታየበት ከሆነ ግን አፈሩን በሙሉ ቀይሩ፤ ዕቃውንም በሳሙና አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉና አለቅልቃችሁ አድርቁት።